የገመዱ አራተኛ ቋጠሮ

ኅዳር 14 ቀን 2078 ዓ.ም.፣ አርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በምስል ማረጋገጫ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኢንጂነር ዮፍታሔ ሰባት ሰው ባለበት ሰደበኝ። ለሌንስ ጠባቂነት አመልክቼ ነበር የሄድኩት። ወረቀቴን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ስድስተኛ ክፍል» አለና ጎኑ ለተቀመጠው ሰው አሳየው። ቀጥሎ የአባቴን ስም አነበበ። አባቴ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ በእኛ አገር ስሙን የሰማ ሁሉ ሥራውን ያውቃል። ኢንጂነሩ ወረቀቱን አስቀመጠና፣ «ቀጥቃጭ ዓይኑን ካሳረፈበትማ ካሜራው ራሱ ይታመማል» አለ። ሰባቱም ሳቁ። አንዷ ሳቋን በመሐረብ ሸፈነች፤ እሷን በዚህ አመሰግናታለሁ። ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሰው የልደት ቀኑን ያከብራል። እኔ የተሰደብኩባቸውን ቀኖች አውቃለሁ። የአራተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪያችን ማጉያ መነጽሩን ለክፍሉ ሁሉ ሲያዞር እኔን ዘሎ ያለፈበትን ቀን አውቃለሁ፤ ጥር ወር ነበር፣ ሰኞ። አውቶቡስ ውስጥ ልጇን ከእኔ ዓይን ጋቢ ያለበሰችውን ሴት የተሳፈረችበትን ፌርማታ ሳይቀር አውቃለሁ። ስድቡ በሕግ ከተከለከለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሰው አሁን ቃሉን አይናገርም፤ ጋቢውን ብቻ ይስባል።

ስሜ ማንያዘዋል ነው። ደብረ ብርሃን፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ፣ አንዲት የቆርቆሮ ወርክሾፕ አለችኝ። አንድ ቶርኖ፣ ሁለት ሞረድ፣ አንድ ሳጥን ካቻቢቴ። ሥራዬ ቀለበት ማውጣት ነው። የጣት አይደለም፤ የሌንስ።

ጠዋት ስነሳ መስተዋቱ ፊቴን ተላጭቶ ያሳየኛል፣ ገና ምላጭ ሳላነሳ። ስለዚህ የምላጨው በእጄ እየዳሰስኩ ነው። ሠርግ ያልመጣ አጎት በሠርጉ ፎቶ ውስጥ ካባ ደርቦ ይገኛል፤ ቅር የሚለው የለም፤ አጎትየውም ራሱ «የዚያን ቀን እንዴት ደስ ብሎን ዋልን» ይላል። አምና ጎረቤቴ ሲሞት ድንኳኑ በር ላይ የተሰቀለው ፎቶው ቀን በቀን ጤናው ይሻሻል ነበር። በሦስተኛው ቀን ከለቀስተኛው ሁሉ ያማረበት እሱ ነበር። ፎቶ እንዲህ ነው። ያየውን ይይዛል፣ የጎደለውን ይሞላል። ሰው ለምዶታል።

የተቸገረው ፍርድ ቤት ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ አጥር ተካሰው ሁለት ፎቶ ያመጣሉ። በአንዱ አጥሩ በር አለው፣ በሌላው የለውም። ሁለቱም ይምላሉ፣ ሁለቱም አልዋሹም። እንዲህ እየሆነ ዳኞቹ ሲሰለቻቸው በ2071 የባዶ ምስል ደንብ ወጣ። ለቤት፣ ለውርስና ለሞት የሚቀርብ ምስል የሚነሳው በቢሮው ካሜራ ብቻ ነው። ሦስት እማኝ ይቆማል። መብራት አይጨመርም። ለአንድ ፋይል ሦስት ምስል ይፈቀዳል፤ አራተኛ የለም።

ቢሮው ከያለበት አሥራ አንድ ካሜራ ለቃቅሞ ሰበሰበ። ከሰባና ሰማንያ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ ባለ ሁለት መስኮት ካሜራዎች ናቸው። በመስኮቱ ስታይ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያሳይሃል፤ ሌንሱን ስታዞር ሁለቱ ይቀራረቡና አንድ ሲሆኑ ርቀቱን አገኘህ ማለት ነው። ዲጂታል ይሁኑ እንጂ ከፊታቸው ያለውን ከመያዝ በቀር ምንም አያውቁም። የተፈለጉትም ለሞኝነታቸው ነው። ማንም እንዳይነካካው የጀርባቸው ስክሪን በማኅተም ተሸፍኗል። የተነሳው ምስል የሚታየው በማግስቱ ቢሮ ውስጥ፣ እማኞቹ ተሰብስበው ማኅተሙ ሲቀደድ ነው።

የካሜራዎቹን የራሳቸውን ሌንስ ሻጋታ በላው። በሌላ በኩል የድሮ ፎቶ ቤቶች ይሠሩባቸው የነበሩት ካሜራዎች ሌንስ በየቤቱ ሞልቷል። እነዚያ ውስጣቸው መስታወት አላቸው፤ ቁልፉ ሲጫን ብድግ ይልና ተመልሶ ቁጭ ይላል። ካሜራዎቹ ሞተው ሌንሶቹ ቀሩ። ሰው ወረቀት እንዳይበር ይጭንባቸዋል፣ ልጅ ያንከባልላቸዋል። መስታወታቸው ግን ንጹሕ ነው። ችግሩ ከባለ ሁለት መስኮቱ ጋር አለመግጠማቸው ነው። አፋቸው ይለያያል። ደግሞም ከኋላቸው መስታወት የሚወዛወዝበት ቦታ ሲጠበቅላቸው ስለኖሩ ራቅ ብለው መቆም ይፈልጋሉ። በመሐል የአውራ ጣት ስፋት ያላት የናስ ቀለበት ትገባለች። ያቺን ነው የማወጣው። በአንድ ፀጉር ብትወፍር ማዶ ያለው ኮረብታ ይደበዝዛል። እያንዳንዷን ቀለበት በራፌ ላይ ቆሜ፣ ኮረብታውን በሻካራ ብርጭቆ ላይ ተገልብጦ እያየሁ ነው የምፈትናት። ዛፎቹ አንድ በአንድ እስኪቆጠሩ ድረስ አላቆምም። ይህን የትኛውም ክፍል ውስጥ አላስተማሩኝም።

ቢሮው ከእኔ አይገዛም። ከደላላ ይገዛል፣ ደላላው ከእኔ። ሳጥኑ ላይ «ከውጭ የመጣ» ተብሎ ይጻፋል።

ቀለበቴ የማታደርገው አንድ ነገር አለ። የባለ ሁለት መስኮቱ የራሱ ሌንስ ከኋላው ጅራት አለው፤ ስታዞረው ጅራቱ ካሜራው ውስጥ ያለች ትንሽ መንኮራኩር ይገፋል፣ መስኮቱም ርቀቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። የባለ መስታወቱ ሌንስ ጅራት የለውም። ብታዞረው መስኮቱ ምንም አይሰማም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ቀለበት ጋር ገመድ እሰጣለሁ። ገመዱ ሰባት ቋጠሮ አለው። ጫፉን ካሜራው አናት ላይ ካለችው፣ መሐሏ ከተሰመረባት ክብ ምልክት ታይዛለህ፤ ምስሉ የሚያርፈው በዚያ ልክ ነው። ሌላውን ጫፍ ወደ ሰውየው አፍንጫ ትዘረጋለህ። አፍንጫው አራተኛው ቋጠሮ ላይ ከደረሰ ሌንሱን እኔ በመርፌ ከጫርኩት አራተኛ ጭረት ላይ ታደርጋለህ። በቃ። ሕፃን ይሠራዋል።

መጋቢት 16 ቀን 2089 ሰኞ ጠዋት የቢሮው መኪና ወርክሾፔ በር ላይ ቆመ። ኢንጂነር ዮፍታሔ ወረደ። ፀጉሩ ሸብቷል። ከኋላው ወይዘሪት ኬብሮን የምትባል የፋይል ኃላፊ ነበረች። ኢንጂነሩ በሩ ላይ ቆሞ «ባለሙያው እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ዓይኔን አየ፣ ፊቴን አየ። አላወቀኝም። አሥራ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ለዚህ ሰው በየሌሊቱ ስመልስለት ነበር የኖርኩት፤ እሱ ግን አንድም ቀን አብሮኝ አልነበረም።

ደላላውን አስጨንቀው ነው ያገኙኝ። ቀለበትዎ ብልሹ ናት፣ ሁለት ምስል አበላሸች፣ አንድ ነው የቀረን አለኝ ኢንጂነሩ። ኬብሮን ነገሩን አስረዳችኝ።

እትዬ ሶልያና የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት አሉ፤ ከእኔ ወርክሾፕ አምስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያ ዘመን ለተወለዱት እንዲህ ያለ ስም ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ለባልቴት ሲጠሩበት ልጆች ይስቃሉ። ጭቃ ቤታቸው ከአዲሶቹ ፎቆች ጀርባ ናት። በከተማው ካርታ ላይ ግን የለችም። ካርታው ከላይ አይቶ፣ ለቦታው የታቀደው መናፈሻ ስለሆነ፣ ጎደለ ያለውን ሞልቶታል። በቤታቸው ቦታ ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ዓርብ ፋይሉ ይዘጋል። እስከዚያ ባዶ ምስል ካልገባ ቤቷ አልነበረችም ማለት ነው፣ ያልነበረ ነገር ሲፈርስ ደግሞ ካሳ የለም፣ ምትክም የለም። ምስሉ ባለቤቷን ከነአልጋዋ፣ ቤቷ ውስጥ፣ ፊቷ ተለይቶ ማሳየት አለበት።

ገመዴንስ ተጠቀማችሁበት አልኳቸው። ኬብሮን መሬት መሬት አየች። የገመዱን ነገር የሚያውቀው የድሮው አንሺ ጡረታ ስለወጣ፣ የመጀመሪያውን ገመድ የዕቃ ማሰሪያ መስሏቸው ከሳጥኑ ጋር ጥለውታል። ኢንጂነሩ መስኮቱ አልታዘዝ ሲለው ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ አንስቷል። ያ አንደኛው ነው። ለሁለተኛው ደላላው ሌላ ገመድ ላከላቸው፤ እንደታዘዘው ለክተው አነሱ። ያም ደበዘዘ።

«ፎቶዎቹን አሳዩኝ» አልኩ።

የወርክሾፑ መስኮት ዘንድ ሄጄ በማጉያ አየኋቸው። በዚህ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ኢንጂነሩን ረስቼው ነበር። ያልተሞላ ፎቶ ብዙ ሰው አይቶ አያውቅም። ጨለማው ጨለማ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም። የደበዘዘው እንደ ደበዘዘ ይቆያል። ፎቶው አይቸኩልም። እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ የጠራ ነገር መኖር አለበት፤ ሌንስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያያል፣ ጥያቄው ምኑን አየ ነው። በመጀመሪያው ላይ ግድግዳው ላይ ያለች ሚስማር አገኘሁ። ዝገቷ ይቆጠራል። እትዬ ሶልያና ከፊቷ እንደ ጭስ ተቀምጠዋል። ይሄ የኢንጂነሩ ግምት ነው፤ በሁለት ክንድ ስቷል።

ሁለተኛው ነው የገረመኝ። ሚስማሯ ደብዝዛለች። የእትዬ ሶልያና ፊትም ደብዝዟል። የተቀመጡበት ወንበር መደገፊያ ወደ ፊት እስከ ጉንጫቸው የታጠፈበት ግን ጥልፉ አንድ በአንድ ይታያል። ጥልፉ ላይ የተሰካች አንዲት ነጭ ፀጉር ሳትቀር ታየችኝ።

«ስትለኩ ወንበሩን ተደግፈው ነበር?»

ተደግፈው ነበር አለች ኬብሮን። አፍንጫቸው ላይ ነው የለካነው፤ ጭንቅላታቸው መደገፊያውን ነክቶ ነበር። እንግዲያው ሌንሱ በታዘዘበት ቦታ ነው ያየው። ገመዱ አልዋሸም፣ ቀለበቷም አልዋሸችም። ፊታቸው ግን እዚያ አልነበረም። በለኩበትና ባነሱበት መካከል ሴትየዋ ወደ ፊት መጥተዋል። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ሌንሱ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት፤ የተከፈተ ሌንስ ደግሞ ቆጣቢ ነው፣ ከአንድ መዳፍ ስፋት በላይ አያጠራም። አንድ ስንዝር የመጣ ሰው ጠፋ።

ኢንጂነሩ እንዳይንቀሳቀሱ መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ አለ። እኔም ከንግግሩ እንደማይዋሽ ገባኝ። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ ማለት ይቻላል፤ ያቺ ወንበር ዓይኔ ላይ ቆማ አደረች።

በማግስቱ ማክሰኞ አብሬያቸው ሄድኩ። ከእኛ በፊት ሦስቱ እማኞች ደርሰዋል፤ ሁሉም የሰፈር ሰዎች፣ ሁሉም የሚያውቁኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ሳጥን፣ ያቺ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ያቺ ሚስማር። ሚስማሯን ሳያት እንደ ቆየ ዘመድ ደስ አለኝ። እትዬ ሶልያና ቀጭን ናቸው፣ ከፊት ጥርሳቸው ሁለት ነው የቀረው። ኢንጂነሩ ሲገባ «ኖር» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። «በእግዜር፣ በእግዜር» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ለኬብሮን ተነሱ። ለሾፌሩ ተነሱ። እኔ የገባሁት መጨረሻ ላይ ነው።

ኬብሮን ካርታውን አሳይታቸው ስለነበር ስለ ልጆቹ ሲያወሩ ደረስኩ። «እነዚያን ልጆች ካገኛችኋቸው» ይላሉ፣ «ጣሪያዬ ላይ አትሩጡ በሉልኝ።» መታወቂያቸውንም አወጡ። መታወቂያው ላይ ሠላሳ ሁለት ጥርስ አላቸው። «ጥርሴን ያበቀለልኝ ማሽን ነው ቤቴን የነቀለው። ጥርሱን ወስዶ ቤቴን ቢመልስልኝ በድዴ እኖር ነበር።» እማኞቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ነበር።

ኢንጂነሩን ቁልፉን ሳይነካ እንደሚያነሳ ሰው እንዲሆን ጠየቅሁት። እሳቸው ተደግፈው ተቀመጡ። እኔ ጥግ ይዤ በጎን በኩል ቆምኩ። ኢንጂነሩ ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። መስኮቷ ትንሽ ስለሆነች አንገቱን ሰበር አደረገ። በዚያች ቅጽበት የእትዬ ሶልያና ጀርባ ከመደገፊያው ለቀቀ፤ ነጠላቸው ተነሣ፣ መቀመጫቸው ከወንበሩ አንድ ስንዝር ከፍ አለ፣ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ኢንጂነሩ መስኮቷ ውስጥ ስለሆነ አላየም። እማኞቹም እያዩ አላዩም።

«እትዬ፣ ተነሡ እኮ» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ አልተነሣሁም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሰውየው አንገቱን ሰበር አድርጎላቸዋል፤ አንገት ሲሰበር ደግሞ ሰማንያ ዓመት ሙሉ አካላቸው የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። ይህን ትምህርት ቤት የገቡት አያውቁትም። ሌላው ካሜራ ሁሉ ለዚህ ደንታ የለውም፤ ተነሥታ የነበረችውን መልሶ ያስቀምጣታል።

ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ፣ እባክዎ እማማ፣ ይህኛው የመጨረሻችን ነው፣ አይነሡ አላቸው። «እሺ ጌታዬ» አሉና እሺ ሲሉ ብድግ አሉ። ኬብሮን ሞከረች። ለእሷ ግማሽ ስንዝር ነው የተነሡት፤ ለሴት ልጅ ያህል። ኢንጂነሩ ከወንበሩ ፊት አንድ ስንዝር ጨምረን እንለካ አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሦስት ጊዜ በኢንጂነሩ አስነሥቼ ለካሁት፤ አንዴ ስንዝር፣ አንዴ ስንዝር ተኩል፣ አንዴ ከዚያ የቀረ። አክብሮት በገመድ አይለካም። ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ቢባል ፊት መለየት አለበት ይላል ደንቡ። አስሮ ማስቀመጥም ተነሣና እማኞቹ አጉረመረሙ። የመስኮቱ ብርሃን ግድግዳው ላይ ወደ ሚስማሯ እየወረደ ነበር። ሚስማሯን ካለፈ ቤቱ ይጨልማል፤ ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ ካሜራው ለሌሎች ፋይሎች ተመድቧል።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም፤ አንድ ሌንስ ለምን እንደደበዘዘ ሲገባኝ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ደረቴ ውስጥ ገባ። ከበሩ ስገባ ያየሁትን አስታወስኩ። ለሾፌሩ ሳይቀር ነበር የተነሡት፤ እኔ ስገባ ግን ወሬያቸውን አላቋረጡም።

«እኔ ላንሳቸው» አልኩ።

ደንቡ ይፈቅዳል፤ ሦስቱ እማኞች ከፈረሙ ማንኛውም ዜጋ ቁልፉን መጫን ይችላል። ኢንጂነሩ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ከተበላሸ ሌላ ሰው ያበላሸው ይሁን ብሎ ይሆናል። እማኞቹ ግን ተያዩ። ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ አቶ ፊልሞን የሚባለው፣ ብዕሩን እንደያዘ ወደ እትዬ ሶልያና ዘወር አለና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በዚያ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በዚያ መስታወት ውስጥ፣ በእሱ ዓይን መታየቱን ያስቡበት አላቸው። የሰማሁ አልመሰለውም።

እትዬ ሶልያና አዩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የዚያን ቀን ያዩኝ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፣ እንደገና ለቀቁት።

«ቤቴን ማሽን ከሚበላው» አሉ፣ «ፊቴን እሱ ቢበላው ይሻለኛል። ፈርም አንተ።»

መጋቢት 17 ቀን 2089፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ። ይህንንም ይዤዋለሁ።

ገመዱን ዘረጋሁ። አፍንጫቸው አራተኛው ቋጠሮ ላይ አረፈ። ሌንሱን አራተኛው ጭረት ላይ አደረግሁ። ሌንሱ አንድ የሞተ ፎቶ ቤት ሠርግና ክርስትና ሲያነሳበት የኖረ ነው፤ ጠርዙ ላይ የባለቤቱ ጥርስ የሚመስል ምልክት አለ። ገመዱን ሰብስቤ ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ዕቃው ዓመታት ሙሉ ቀለበት የሠራሁለት ነው፤ በመስኮቱ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከመስኮቱ ውስጥ ሁለት እትዬ ሶልያና ተቀምጠዋል፣ አንዷ ከአንዷ ጥቂት ፈቀቅ ብላ፣ ሁለቱም እኔን ያያሉ። አንድ ላደርጋቸው አልችልም። ገመዱን አመንኩ። አንገቴን ሰበር አደረግሁ፣ ሆን ብዬ፣ ከኢንጂነሩ የበለጠ ዝቅ ብዬ።

አልተነሡም። ጀርባቸው ከመደገፊያው ንቅንቅ አላለም። ከዚያም አልፎ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ጥልፉ ላይ አጣበቁት፤ ለዚያች የፀጉር ስፋት ስል ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ተከተልኳቸው። ትንፋሼን ያዝኩ። ተጫንኩ።

ድምፁ ትንሽ ነው። ጥፍር በጥፍር እንደሚነካ።

በማግስቱ ረቡዕ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማኅተሙ ተቀደደ። ክፍሉ ያው ነው፤ ወንበሮቹን ቀይረዋል። ቁልፉን የተጫነው ሰው እንዲገኝ ደንቡ ስለሚያዝ ጠርተውኛል። እትዬ ሶልያና ኢንጂነሩ ሲገባ ተነሡ፣ አስቀመጧቸው። ምስሉ ግድግዳው ላይ ወጣ።

እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ዓይናችን ልምድ የለውም። የፊታቸው ሽብሽብ እያንዳንዱ የየራሱ ጥላ አለው። ከንፈራቸው ጥግ ላይ የደረቀ ነገር አለ፣ ሽሮ ይመስለኛል። ሁለቱ ጥርሶች እኩል አይደሉም። ከኋላ አልጋው፣ ሳጥኑ፣ የደበዘዘችው ሚስማር። እኔ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ዓይናቸውን አየሁ። የግራ ዓይናቸው ብሌን ውስጥ በሩ አለ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል፤ በሩ መሐል ጉልበቱን ያጠፈ ሰው ቆሟል። ሌሎቹ አላዩትም። አላሳየኋቸውም።

እትዬ ሶልያና ራሳቸውን ሲያዩ አፋቸውን ሸፈኑ። «ይሄን ያህል አርጅቻለሁ?» አሉ። ከዚያ ወደ መዝጋቢው ዞሩ። «ቤቴስ? ቤቴ አለች?»

መዝጋቢው «ቤቱ አለ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበና ቁልፉን መታ። ጎን ያለው ካርታ ላይ ሣሩ ቡናማ ሆነ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ወጣ። ሁለቱ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው እየሮጡ ነበር፤ በመሐል እግራቸው ጠፋ፣ ከዚያ እነሱም ጠፉ። ኬብሮን ዓይኗን ጠረገች። አቶ ፊልሞን ለእትዬ ሶልያና እልል አለላቸውና ሳቁ። እሳቸውም ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ፣ እጄን እያዩ።

ወደ ደረጃው ስደርስ ኢንጂነር ዮፍታሔ ከኋላዬ ደረሰብኝ። ሮጦ ስለነበር ያለከልካል። ማስታወሻ ደብተር ይዟል፣ ብዕሩ ተከፍቷል። ለሌሎቹ ፋይሎች የሚሆን አሥር ቀለበት በቀጥታ ከእኔ እንደሚያዙ፣ ሳጥኑም ላይ ስሜ እንደሚጻፍ ነገረኝ። ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ የአባቴንም ስም ጨመርኩለት። ጻፈው። ብዕሩ አንድም ቦታ አልቆመም።

ከዚያ ደብተሩን ገለጠ።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለ። «ትናንት ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት። ለእኔ ስንት ጊዜ ተነሡ። ለኬብሮን ተነሡ። አይነሡ ብዬ ለምኛቸው ተነሡ። ለእርስዎ እንዴት ሳይነሡ ቀሩ? ምን ብለዋቸው ነው? መመሪያው ላይ ላስገባው ፈልጌ ነው።»

ከልቡ ነበር የሚጠይቀው። ፊቱ ላይ ማጉያ መነጽር እንደሚጠብቅ የአራተኛ ክፍል ልጅ ዓይነት ጉጉት አለ። እንዲህ ያለውን ፊት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነው። ለዚያ ፊት ለአሥራ አንድ ዓመት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ፤ ቀኑ አለው፣ ሰዓቱ አለው፣ የሰባቱ ሰዎች አቀማመጥ አለው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ አርፎ ይጠብቃል።

ገመዱን ከቋጠሮው እስከ ቋጠሮው አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ኮፍያዬን አደረግሁ። ደረጃውን ወረድኩ።